«ፓሪስ» ስንላት የኖርናት ሳን ደኒ፦ የነገሥታት መቃብር፣ የሠራተኛ ሠፈር፣ የቅርስ ሙግት

ቀነኒሳ በቀለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የቀደመበትን የ10 ሺ ሜትር ሩጫ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ዛሬም አይረሳውም። የ2003ቱ የዓለም ሻምፒዮና ነበር (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ)። ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ሌላውን ሁሉ አራግፈው ብቻቸውን ቀሩ። ቀነኒሳ ሁለተኛውን 5 ሺ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ሮጦ በ26 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ገባ፤ ወርቁም ብሩም ነሐሱም የእኛ ሆነ። በዚያው ሰሞን ብርሃኔ አደሬ የሴቶቹን 10 ሺ፣ ገና ልጅ የነበረችው ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ 5 ሺውን ወሰዱ። ያንን ድል ከሃያ ዓመት በላይ «የፓሪሱ» እያልን እንጠራዋለን። በ2024 ኦሊምፒክ በሪሁ አረጋዊና ጽጌ ዱጉማ ብር ያገኙበትንም መም እንዲሁ።

ስታዲየሙ ግን ያለው ፓሪስ ውስጥ አይደለም። ስታድ ደ ፍራንስ የተሠራው ከፓሪስ ሰሜናዊ ወሰን ማዶ፣ ሳን ደኒ በምትባል የራሷ ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት ባላት ከተማ፣ ድሮ የጋዝ ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ስሙን የምንስተው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ፈረንሳዮቹ ደግሞ እያወቁ ያደርጉታል። ዋንጫ ሲነሳ ፓሪስ ትባላለች፤ መኪና ሲቃጠል ሳን ደኒ። ይህ ልማድ ስለ ቅርስ በሚደረገው ክርክር ውስጥም እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከተማዋ ያላት ውድ ነገር ሁሉ «የፈረንሳይ» ነው፤ ችግሩ ብቻ የራሷ ነው። ሰሞኑን እዚያ በድንጋይ እየተገነባ ያለ አንድ ማማ ይህን አሮጌ ነገር እንደገና ቀስቅሶታል።

በመጀመሪያ ስለ መጨናነቋ። ሳን ደኒ በ2025 መጀመሪያ ጎረቤቷን ፒየርፊትን ጠቅልላ አንድ ከተማ ሆናለች። በ16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 150 ሺ ያህል ሰው ይኖርባታል፤ በዙሪያዋ ካሉት የፓሪስ አካባቢ ከተሞች ከፓሪስ ቀጥሎ ትልቋ እሷ ናት። ከዚያ ላይ የስታዲየሙን ቦታ፣ ከተማዋን ለሁለት የሰነጠቀውን ኤ-አንድ አውራ ጎዳና፣ የባቡር ሐዲዱን፣ ቦዩንና መጋዘኑን ቀንሱ፤ የቀረው መሬት ላይ ሰው እንዴት እንደተደራረበ መገመት አያዳግትም። በስሟ የተሰየመው አውራጃ ሴን-ሳን-ደኒ ከባሕር ማዶ ግዛቶች ውጭ ካለው ፈረንሳይ ሁሉ ድሃው ነው። ከአራት ነዋሪ ከአንድ በላይ የሚሆነው ከድህነት መስመር በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በፈረንሳይ ሰው እጅግ የተጠቀጠቀባት ከተማ ሳን ደኒ አይደለችም። ያቺ ከፓሪስ በስተ ምዕራብ ያለችው ለቫሏ-ፔሬ ናት፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ25 ሺ ሰው በላይ ይኖርባታል፣ ከሳን ደኒ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ለቫሏ ግን የባለ ገንዘብ ሠፈር ስለሆነች ጥግግቷን «ችግር» ብሎ የሚጽፍባት ጋዜጣ የለም። መጨናነቅ ችግር የሚባለው የተጨናነቀው ሰው ድሃ ሲሆን ነው።

ከሜትሮው ሲወጡ

በ13ኛው መስመር ተጠቅጥቆ መጥቶ ባዚሊካው ጣቢያ የሚወርድ ሰው ቀኑ ማክሰኞ፣ ዓርብ ወይም እሑድ ከሆነ ገበያ ላይ ይወድቃል። በ1893 የተሠራው ባለብረት አዳራሽ ውስጥ የፖርቱጋሎች የደረቀ ዓሣ፣ የሰሜን አፍሪካ ወይራና ቅመም፣ ካሳቫና ፕላንቲን ሙዝ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ውጪ ደግሞ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ድስት። በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ በባቡር ጣቢያው በር፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ ላይ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ የሚጠብሱ አሉ። ሽታው ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ጎዳና ዳር ከሚመጣው አይለይም። ፖሊስ ሲመጣ ጋሪው እሳቱን እንደያዘ ይሮጣል።

ከገበያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ እንግዳ ሕንፃ ቆሟል። የፊት ገጽታው ለሁለት ማማ የታሰበ ነው፤ ማማው ግን አንድ ብቻ ነው። በስተ ሰሜን ያለው ጎኑ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ክፍት ሆኖ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት የተቀበሩበት የሳን ደኒ ባዚሊካ ይህ ነው።

ደኒ ማለት ዲዮናስዮስ ማለት ነው። በትውፊቱ መሠረት በሦስተኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ጳጳስ ነበር፤ ሞንማርትር ኮረብታ ላይ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ ራሱን በእጁ አንሥቶ ወደ ሰሜን ሄደ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው መቃብሩ ላይ ነው። በዘጠነኛው መቶ ዘመን ሂልዷ የተባለ የገዳሙ አበምኔት ይህን ጳጳስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ አቴና ላይ ካሳመነው ከአርዮስፋጎሱ ዲዮናስዮስ ጋር አንድ አደረገው። በዚህም አላበቃ፤ በ500 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ሶርያዊ ሳይሆን የማይቀር ሰው በአርዮስፋጎሱ ስም የጻፋቸውን ስለ መለኮታዊ ብርሃን የሚናገሩ መጻሕፍት ጨመረለት። ሦስት ሰው አንድ ቅዱስ ሆነ። የዛሬ ሊቃውንት ሦስቱን ለያይተዋቸዋል፤ ግን ስሕተቱ ሥራውን ከሠራ በኋላ ነው።

ሥራውን ያሠራው አበምኔት ሱዤ ነው። ከተራ ቤተሰብ ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ ለገዳሙ የተሰጠ፣ ኋላም ንጉሡ ለመስቀል ጦርነት ሲዘምት ፈረንሳይን በእንደራሴነት ያስተዳደረ ሰው። በ1140 የምዕራቡን ገጽታ፣ በ1144 ደግሞ አዲሱን መቅደስ አስመረቀ። ግድግዳው ቀጥኖ፣ ቅስቱ ሾሎ፣ ጣሪያው በድንጋይ ጅማት ተይዞ፣ በተከፈተው ቦታ ሁሉ ባለቀለም መስታወት ገባ። በኋላ ጎቲክ የተባለው የሕንፃ አሠራር እዚህ ተወለደ ይባላል። ሱዤ የዲዮናስዮስን የብርሃን ትምህርት በድንጋይ ጻፈው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አጋነናችሁ የሚሏቸውም አሉ። ኖትርዳም ደ ፓሪስ የተጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። ታናሽየው በዓለም ታወቀ፣ ታላቁ ባንልዩ ውስጥ ቀረ። («ባንልዩ» ፈረንሳዮች የከተማ ዳርቻን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ስድብ አከል ሆኗል።)

ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው በጀርባቸው የተጋደሙ የድንጋይ ነገሥታትና ንግሥታት መሀል ይሄዳል፤ ቁጥራቸው ከ70 ይበልጣል። በ639 ከተቀበረው ከዳጎቤር ጀምሮ ከ40 በላይ ነገሥታት እዚህ አርፈዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ የሉዊ 12ኛና የባለቤቱ የአን ደ ብረታኝ መቃብር ነው። ላይኛው ደርብ ላይ ሁለቱ ልብሰ መንግሥት ለብሰው ተንበርክከዋል። ታች ግን ራቁታቸውን፣ በድን ሆነው ተዘርግተዋል፤ ሬሳው እንዳይበሰብስ ሆድ ዕቃቸው ወጥቶ የተሰፋበት ስፌት እንኳ በእብነ በረዱ ላይ ክር በክር ይታያል። ጠራቢው ንጉሥ ሲሞት ምን እንደሚመስል አልደበቀም።

በ1793 አብዮቱ መቃብሮቹን ከፈተ። የነገሥታቱ አጥንት በጉድጓድ ውስጥ ተጣለ፣ ኖራ ተደፋበት፤ የሣጥኑ እርሳስ ለጥይት ቀለጠ። ከተማዋም «ሳን» (ቅዱስ) የሚለው ቃል ተነጥቆ «ፍራንሲያድ» ተብላ ነበር። ንጉሣውያኑ ሲመለሱ ሉዊ 16ኛንና ማሪ አንትዋኔትን በ1815 እዚህ አምጥተው ቀበሩ። ታሪኩ አላለቀም፦ በእስር ቤት የሞተው የሕፃኑ የሉዊ 17ኛ የደረቀ ልብ በዘረመል ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ በ2004 በብርጭቆ ዕቃ ሆኖ ከመቃብሩ ቤት ገብቷል።

የሌለውን ማማ መልሶ መትከል

አሁን ወደ ጎደለው ጥርስ እንመለስ። ሰሜናዊው ማማ ላይ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሹል የድንጋይ ጫፍ ነበር፤ ከመሬት 86 ሜትር ያህል ይርቃል። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነቱን ጫፍ «ፍሌሽ»፣ ፍላጻ፣ ይሉታል። ሜዳውን የሚያቋርጥ መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ ያየው ነበር። በ1837 መብረቅ መታው። ያደሰው አርክቴክት ፍራንሷ ደብሬ ከድሮው የከበደ ድንጋይ ጫነበት፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ ያረጀው ማማ ይሰነጣጠቅ ጀመር። በ1845 ከባድ ነፋስ ሲመታው ነገሩ አበቃ። ደብሬ በውርደት ለቀቀ። በምትኩ የመጣው ወጣቱ ቪዮሌ-ለ-ዱክ ፍላጻውንም ማማውንም ድንጋይ በድንጋይ አወረደው። ሊመለስ ነበር የወረደው፤ አልተመለሰም።

ይኸው ቪዮሌ-ለ-ዱክ በኋላ በ1859 ኖትርዳም ላይ አዲስ ፍላጻ ተከለ፤ ሚያዝያ 2019 በእሳት ሲወድቅ ዓለም ሁሉ ያየውን ማለት ነው። የኖትርዳም ጫፍ በወደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ሚሊዮኖች ቃል ተገቡ፤ በመጨረሻ ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተዋጣ፣ በአምስት ዓመትም ተመልሶ ቆመ። የሳን ደኒው ግን ለአሥርተ ዓመታት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የኖረ ልመና ነው። ወጪው 37 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው የሚባለው፤ ያም ሆኖ መንግሥት ሕንፃው የራሱ ሆኖ ሳለ «ከእኔ ገንዘብ አትጠብቁ» አለ። በመጀመሪያ የታሰበው በቡርጎኝ በጌድሎን እንደሚደረገው ሥራውን ክፍት አድርጎ፣ ጎብኚ ትኬት እየቆረጠ ጠራቢዎቹን እያየ እንዲከፍለው ነበር። ኋላ ላይ የፓሪስ አካባቢ አውራጃዎች ከጋራ ፈንዳቸው ትልቁን ድርሻ ሸፈኑ፣ ለጋሾችም ገቡ።

ፍላጻውን አጥብቃ የፈለገችው ደግሞ ማን ናት? ከ1945 እስከ 2020 ያለማቋረጥ በኮሚኒስት ከንቲባዎች የተመራች ከተማ። የፕሮጀክቱን ማኅበር፣ «ፍላጻውን ተከተሉ» የሚባለውን፣ የመሩት የቀድሞው ኮሚኒስት ከንቲባ ፓትሪክ ብራውዜክ ናቸው። የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ማማ እንዲመለስ ኮሚኒስቶች ደጅ ሲጠኑ፣ በስመ ቅርስ የሚምሉት የፓሪስ ሊቃውንት ደግሞ ተቃወሙ።

የተቃዋሚዎቹ ነጥብ ቀላል አይደለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ማቆም እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በፊት የወረደን ነገር እንደገና መሥራት ለእነሱ እድሳት ሳይሆን ትርኢት ነው። ደጋፊዎቹ ደብሬና ቪዮሌ-ለ-ዱክ የተዉትን ዝርዝር ሥዕል እያሳዩ «ግምት የለም፣ ልኩ በእጃችን ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ሌላ የሚያሳምም ነገርም አላቸው፦ የባዚሊካው ባለቀለም መስታወቶች ከፊሉ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለእድሳት ወርደው በሣጥን ውስጥ ቀርተዋል፣ በቦታቸውም ፎቶግራፍ የታተመበት ሽፋን ተለጥፏል። ለብርሃን ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ መስታወቱ በሣጥን፣ ፎቶው በመስኮት! ያለውን ሳታድኑ የሌለውን ትተክላላችሁ ማለታቸው እውነት ነው። በቴክኒኩ ክርክር እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ግን አንድ ነገር ያልፋቸዋል። ሳን ደኒ ውስጥ መንግሥት ያመጣው ትልልቅ ነገር ሁሉ፣ አውራ ጎዳናውም፣ ስታዲየሙም፣ የኦሊምፒክ መዋኛውም፣ ከላይ የመጣ ነው። ፍላጻው ግን ነዋሪው ራሱ «ይኑረን» ብሎ የጠየቀው ነው። ከ2020 በኋላ መሠረቱ ተፈትሾና ተጠናክሮ፣ የአርኪዎሎጂ ቁፋሮ ከቆየ በኋላ (ከሥሩ የሜሮቪንጂያን፣ ማለት የጥንቶቹ የፍራንክ ነገሥታት፣ ዘመን የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች ወጡ) በመጋቢት 2025 የመጀመሪያው ድንጋይ ተቀመጠ። ባዚሊካው ጎን ድንጋይ ጠራቢዎችና ቀጥቃጮች በሰው ፊት ይሠራሉ፤ መሮው ድንጋዩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ገበያው ድረስ ባይደርስም ትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ እየመጡ ይሰሙታል። ሙያው ሲሠራ እያየ የሚያድግ የሠፈር ልጅ ከማማው ራሱ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ መልስ የለኝም።

ማንም ደጅ ያልጠናለት ቅርስ

የሳን ደኒ ድንጋይ ንጉሥ ከሥሩ ካለ ይጠበቃል። ከሥሩ ሠራተኛ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ደቡብ፣ «ላ ፕሌን» የሚባለው ሜዳ፣ ከአውሮፓ ትልልቅ የኢንዱስትሪ ቀጣናዎች አንዱ ነበር። ፕሌየል ፒያኖ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አደባባዩና አዲሱ የባቡር ጣቢያ በስሙ ይጠራሉ። ክሪስቶፍል የብር ማንኪያና ሹካ ይቀርጽ ነበር። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሆችኪስ ደግሞ በ1875 የመሣሪያ ፋብሪካውን እዚህ አቋቋመ። ይህን ስም የታሪክ መጽሐፍ ያገላበጠ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል፦ አድዋ ላይ የአፄ ምኒልክ መድፈኞች ካሰለፏቸው ፈጣን መድፎች ውስጥ ሆችኪሶቹ ነበሩበት። የዚያ ኩባንያ ዋና ፋብሪካ ይህ ነበር። ሠራተኞቹ ከብረታኝ የመጡ ገበሬዎች፣ ቀጥሎ ጣሊያኖች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ ጀምሮ ስፔናውያን ነበሩ። «ትንሿ ስፔን» በተባለው ሠፈራቸው ውስጥ ዛሬም የስፔናውያኑ ማኅበር ቤት አለ፤ መንገዱ በፈረንሳይ አርበኝነት ተዋግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1946 በፍራንኮ መንግሥት በተረሸነው በክሪስቲኖ ጋርሲያ ስም ይጠራል። ከእነሱ በኋላ አልጄሪያውያን፣ ፖርቱጋሎች፣ የማሊና የሴኔጋል ሶኒንኬዎች መጡ። በ1960ዎቹ ፍራን-ሟዘን የሚባለው ቦታ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖርቱጋሎች በጣውላና በቆርቆሮ የተጠለሉበት ጭቃ ሠፈር ነበር። እሱ ፈርሶ በ1970ዎቹ ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ቆሙ፤ አሁን ደግሞ ከነዚያ የተወሰኑት እንዲፈርሱ ተወስኗል። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሠፈሩ ሁለት ጊዜ ሲፈርስ ማየት ይችላል።

ቦዩም የሚያስታውሰው አለ። ጥቅምት 17 ቀን 1961 የፓሪስ ፖሊስ የሰዓት እላፊውን የተቃወሙ አልጄሪያውያንን ሲገድል፣ ፋጢማ በዳር የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ ወደ ቤቷ ሳትመለስ ቀረች። አስከሬኗ የተገኘው ሳን ደኒ ቦይ ውስጥ ነው። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በስሟ የተሰየመ የአትክልት ስፍራ አለ። የመታሰቢያ ሐውልት ባለሙያ አልመጣም፣ ቻርተር አልተጠቀሰም፤ ነዋሪውና ማዘጋጃ ቤቱ ናቸው ያደረጉት።

ይሁንና ለእኔ እውነተኛው ፈተና ከባዚሊካው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ብቻ የሚርቅ የኪራይ ሕንፃ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ የመሀል ከተማውን አሮጌ ቤቶች ሲያፈርስ ድሃውን ወደ ዳር አልገፋም፤ ጥሩ ጥሩ አርክቴክት ጠርቶ እዚያው በዝቅተኛ ኪራይ ቤት ሠራለት። ብራዚላዊው ኦስካር ኒማየር ለኮሚኒስቱ ጋዜጣ «ሊዩማኒቴ» ከባዚሊካው ጎን የመስታወት ሕንፃ አቆመ፤ በ2007 በቅርስነት ተመዝግቧል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ኢሎ 8» (ስምንተኛው ቁራሽ) የሚባለው የአርክቴክቷ የረኔ ጌሉስቴ ሥራ ነው። ማዕዘኑ የሾለ፣ እንደ ተራራ እርከን ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሕንፃ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በረንዳ አለው፣ በረንዳው ላይም እውነተኛ አፈር ተደፍቷል። ድስት ውስጥ አበባ አይደለም፤ ቁጥቋጦ የሚበቅልበት አፈር። ታች ያለው መተላለፊያ ለማንም ክፍት ነው፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሕንፃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ጌሉስቴ በ2023 ስታርፍ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታ ዓመት አልሞላትም ነበር።

ይህን ሕንፃ በከተማ እድሳት መርሐ ግብር ውስጥ አስገብተው ምን አሰቡለት? አጥር። መተላለፊያውን በብረት በር መዝጋት፣ የጋራውን ቦታ መቆራረጥ። ምክንያቱ ደኅንነት ነው፤ ደረጃው ሥር ዕፅ የሚሸጡ አሉ፣ ነዋሪው በማታ ይፈራል፣ ይህም ውሸት አይደለም። ግን ነዋሪዎቹና አርክቴክቶቹ ፊርማ አሰባስበው ተነሡ። «ጠባቂና መብራት ስጡን፣ ሕንፃው ክፍት ሆኖ እንዲኖር ነው የተሠራው» አሉ። እዚሁ ከተማ መሀል፣ በድሮው ገዳም ግቢ ውስጥ፣ ናፖሊዮን ለተሸላሚ መኮንኖቹ ሴት ልጆች ያቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ከ20 ሄክታር በላይ መናፈሻውን በግንብ አጥሮ ይዟል። ሰው በተጠቀጠቀባት ከተማ መሀል ትልቁ ዛፍና ሣር ለሠፈሩ ልጅ ዝግ ነው። ያ ግንብ ቅርስ ነው፤ አይነካም። ክፍት የሆነውን ለመዝጋት ግን ውይይቱ በጥቂት ስብሰባ ያልቃል።

ፍላጻውን የሚቃወሙት ባለሙያዎች ኢሎ 8 ላይ ተመሳሳይ ጩኸት ቢያሰሙ ኖሮ አምናቸው ነበር። አንዳንዶቹ አሰምተዋል፣ ሐሰት አልናገርም። አብዛኛው የቅርስ ወዳጅ ግን ለሳን ደኒ አዛኝ ቅቤ አንጓች ነው፦ ለመቃብሩ ይመጣል፣ «ምነው አካባቢው እንዲህ ሆነ» ይላል፣ ተመልሶ ሜትሮ ውስጥ ይገባል።

ነዋሪውን ከሠፈሩ የሚገፋው ነገር ደግሞ እየመጣ ነው። ሰኔ 2024 ላይ 14ኛው የሜትሮ መስመር ሳን ደኒ-ፕሌየል ደርሷል። ጃፓናዊው ኬንጎ ኩማ የነደፈው ጣቢያ ወደፊት ሌሎች ሦስት የ«ግራን ፓሪስ» መስመሮችን ይቀበላል። የኦሊምፒክ መንደሩ ቤቶች እየተሸጡና እየተከራዩ ነው። መሀል ከተማው ላይ ግን የጨለመ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ በቁም ሣጥን ስፋት ተከፋፍሎ የሚከራይ ቤት ሞልቷል። ኅዳር 2015 ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ ፖሊስ የተደበቁ አሸባሪዎችን ለመያዝ የወረረው ቤት እንደዚያ ዓይነት ነበር፤ ጥይቱ ሲያልቅ ቤት አልባ ሆነው የቀሩት በአጋጣሚ እዚያ የተከራዩት ነዋሪዎች ናቸው፣ ሌላ ቤት ለማግኘትም ብዙዎቹ ዓመታት ጠብቀዋል። የፍላጻው ጫፍ በዙሪያው ያለውን የኪራይ ዋጋ እንደሚያንር የቤት ደላላው ከአርክቴክቱ ቀድሞ አውቆታል። ሳን ደኒ ለ2028 የአውሮፓ የባህል መዲናነት ተወዳድራ ለመጨረሻው ዙር ሳትደርስ ቀርታለች፤ ማዕረጉን ቡርዥ ወሰደችው። ከተማዋ ስሟን ለማደስ የምትችለውን ሁሉ ሞክራለች።

ሥራው በታሰበው ጊዜ ከሄደ ፍላጻው በዚህ አሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ 90 ሜትር ይደርሳል። ከኖትርዳሙ ጋር ሲነጻጸር ጎብኚው ምን ያህል እንደሚሆን አሁን የሚያውቅ የለም። በቅርበት የሚያየው ግን የኢሎ 8 ነዋሪ ነው፤ በረንዳው ላይ አፈሩን እያጠጣ ቀና ሲል ጫፉ ፊት ለፊቱ ይሆናል። ወደዚያ ለመሄድ መተላለፊያውን ሲያቋርጥ ቁልፍ ያስፈልገው እንደሆነ ገና አልተወሰነም።